መልስ፦ የቤተ መዛግብት ሰነዶች በርዕሰ ጉዳይ ለምን አይደረደሩም?

ሰነዶች እንደ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ ቢደረደሩ ለፈላጊው አይቀልም ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለጊዜው ይቀል ይሆናል፤ የሚጠፋው ግን ከሚገኘው ይበልጣል። አንድ ደብዳቤ ብቻውን ሲነበብ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በተቀመጠበት ፋይል ውስጥ፣ ከእርሱ በፊት ከመጣው አቤቱታና በኋላ ከተጻፈው መልስ ጋር ሲነበብ ግን ማን ምን እንደሚያውቅና መቼ እንዳወቀ ያሳያል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣው መመሪያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተሰብ የመጡ መዛግብት በአንድነት እንዲጠበቁ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርሁ ዛሬም የሙያው መሠረት ነው።

የታሪክ ባለሙያ የሚመረምረው የደብዳቤውን ቃል ብቻ አይደለም። በኅዳጉ በእርሳስ የተጻፈች «ይቆይ» የምትል ትእዛዝ፣ ደብዳቤው መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ የተመታበት የገቢ ማኅተም ቀን፣ የተፋቀ የመዝገብ ቁጥር፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። ማኅተሙ ውሳኔው ከተፈረመበት ቀን በኋላ ያረፈ ከሆነ፣ ባለሥልጣኑ ደብዳቤውን አይቶ ወሰነ የሚለው ትረካ ቢያንስ እንደገና መጤን አለበት። ከፋይሉ ተነጥሎ በኢንተርኔት የሚዞር የአንድ ገጽ ፎቶ ይህን ሁሉ አያሳይም፤ በተለይ በሙዚየምና በመታሰቢያ ሥፍራ ለሕዝብ ታሪክ የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ቢዘነጉ ስሕተቱ በብዙዎች አእምሮ ይተከላል።

ስለዚህ ፍለጋዎን ከርዕሱ ሳይሆን ጉዳዩን ይመለከተው ከነበረው መሥሪያ ቤት ይጀምሩ፤ የዚያን መሥሪያ ቤት የመዛግብት ዝርዝር ጠይቀው ሙሉውን ፋይል ያስወጡ፤ የፋይሉን መለያ ቁጥርም ከማስታወሻዎ ጋር ይጻፉ።