ስለ ፋሺያ ሕክምና ጠይቁኝ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእጅ ማከም የየዕለት ሥራዬ ነው። ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ ፋሺያ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሥጋ ስትከትፉ ቢላ የሚያስቸግረውን ስስ ነጭ ገለፈት ታውቁታላችሁ። ፋሺያ እሱ ነው። የእኛንም ጡንቻዎች እንደዚያው ሸፍኖ ያያይዛቸዋል። በንብርብሮቹ መካከል ሃያሉሮናን የሚባል የሚያንሸራትት ነገር አለ። የጣሊያናዊው ፊዚዮቴራፒስት የሉዊጂ ስቴኮ ዘዴ ይህን መንሸራተት ለመመለስ ያለመ ነው። ባለሙያው የተመረጠ ነጥብ ላይ በክርኑ ወይም በጣቱ አንጓ ለደቂቃዎች ያሻል።

ጥያቄ፦ ማሸቱ «የተቋጠረውን ይፈታል» ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግልጹን ልንገራችሁ። ለምሳሌ የውስጥ እግር ፋሺያ በጣም ጠንካራ ነው። በእጅ ተጭነን አናስረዝመውም። ሕመሙ የሚቀለው በአብዛኛው ነርቮች ስለሚረጋጉ ይመስለኛል። እፎይታው ግን እውነተኛ ነው። ያቺን እፎይታ ለእንቅስቃሴ ካልተጠቀማችሁባት ሕመሙ ይመለሳል። ታካሚዎቼን ከአልጋ እንደወረዱ ወዲያው የማሠራቸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ስነሳ ተረከዜን እንደ መርፌ ይወጋኛል። መታሸት ያድነኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምልክቱ የውስጥ እግር ፋሺያ ሕመምን ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ሴራሚክ ላይ መቆም ያባብሰዋል። የሚያሽሽ ባታገኚም ራስሽ የምትሠሪው አለ። ጠዋት እግርሽ መሬት ሳይነካ በፊት የሚያምሽን እግር ሌላው ጉልበትሽ ላይ አድርጊው። ጣቶቹን በእጅሽ ወደ ቅልጥምሽ ሳቢ። እስከ 10 ቁጠሪና ልቀቂ። 10 ጊዜ ድገሚው፤ በቀን 3 ጊዜ። በባዶ እግር አትሥሪ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ አድርጊ። ሳምንታት ይፈጃል። በ3 ቀን አልተሻለኝም ብለሽ እንዳትተዪው፣ አደራ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወጌሻ ጋ ልውሰዳቸው?

መልስ፦ የወጌሻን እጅ አከብራለሁ። ጡንቻን ለይቶ የሚያውቅ ጣት በትምህርት ብቻ አይገኝም። የምፈራው ስብራት ሲሆን ነው። ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ጉልበታቸው ካበጠ፣ ከጋለ ወይም መቆም ካቃታቸው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። የዕድሜ ከሆነ ማሸቱ ያቀልላቸዋል። ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥን መለማመድ ግን ይበልጣል፤ ጭናቸውን ያጠነክረዋል።

ጥያቄ፦ መታሸት የሌለበት ማነው?

መልስ፦ የአንድ እግሩ ባት ድንገት ያበጠና የጋለ ሰው። የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ማንም አይንካው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም አስቀድማችሁ ንገሩን።