የሰው አገር ጦር የገቡ ሩሲያውያን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ስደተኛ ሩሲያውያን ወታደሮች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፈረንሳይ ሌጂዮን ውስጥ ያ ሁሉ ሩሲያዊ እንዴት ገባ?

መልስ፦ ችግር ነው ያስገባው። በኖቬምበር 1920 በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት የ«ነጮቹ» (የፀረ ኮሚኒስቶቹ) የጄኔራል ቭራንጌል ጦር በ«ቀዮቹ»፣ ማለትም በኮሚኒስቶቹ ቦልሼቪኮች፣ ተሸንፎ ከክራይሚያ በመርከብ ወጣ። ከሲቪሉ ጋር ወደ 150 ሺህ ሰው ነበር። አብዛኛው ኢስታንቡልና አካባቢዋ ላይ ፈሰሰ። ሥራ የለም፣ የሚበላ የለም። የውጭ ዜጋ የሚቀጥረው ሌጂዮን እዚያው ምልመላ ጀመረ። ትናንት መኮንን የነበረው ተራ ወታደር ሆኖ ፈረመ። በ1921 ቱኒዚያ ውስጥ የተቋቋመው የሌጂዮኑ የመጀመሪያ ፈረሰኛ ሬጅመንት በብዛት የተሞላው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቅጥረኞች አይደሉም?

መልስ፦ እኔ እንደዚያ አልላቸውም። በዲሴምበር 1921 የሶቪየት መንግሥት የስደተኞቹን ዜግነት በአዋጅ ገፈፈ። መመለሻ ያጣ ሰው ጠመንጃ ቢያነሳ ለደመወዝ ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ከሁሉ የሚደንቅህ ማን ነው?

መልስ፦ ዚኖቪ ፔሽኮቭ! ከነጮቹ በፊት፣ በ1914 ነው ሌጂዮኑን ተቀላቅሎ የዘመተው። በሜይ 1915 ቀኝ እጁን አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ወደ ሠራዊቱ ተመለሰ፣ ሞሮኮ ዘመተ፣ በመጨረሻም ጄኔራል ሆነ። የክርስትና አባቱ ደራሲው ማክሲም ጎርኪ ነው። ታናሽ ወንድሙ ያኮቭ ስቨርድሎቭ ደግሞ ከቦልሼቪክ መሪዎች አንዱ ነበር። አንዱ ወንድም አብዮት ሲመራ ሌላው የፈረንሳይ መኮንን!

ጥያቄ፦ ወደ እኛስ የመጣ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ኮሎኔል ፌዮዶር ኮኖቫሎቭ። የዛር ጦር መኮንን የነበረ ስደተኛ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የራስ ሥዩም መንገሻ ወታደራዊ አማካሪ ሆነ። ከማይጨው ውጊያ በፊት የቤተ ክህነት ሰው መስሎ የጠላትን ምሽግ ሊሰልል ሄዷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ውጊያው ሲደረግም እዚያው ነበር። ስለ ማይጨው ሲወራ ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ሊነሳ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሌጂዮኑ ዜግነት ይሰጣል?

መልስ፦ በራሱ አይመጣም፣ ማመልከት ያስፈልጋል። ፔሽኮቭ ፈረንሳዊ የሆነው በ1923 ነው፤ እጁን ካጣ ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በውጊያ የቆሰለ ሌጂዮናዊ ከጠየቀ ዜግነት እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ የወጣው በ1999 ነው።