በታሮት ካርድ ዘጠኝ ሰይፍ መርዶ ነው?

አይደለም እህቴ። «ከሥራ ልባረር ነው?» ብለሽ ታሮትን፣ ማለትም ዕጣ የሚነበብባቸውን ሥዕላዊ ካርዶች፣ ጠይቀሽ ዘጠኝ ሰይፍ የተባለው ካርድ ስለወጣ ብቻ ተባረርሽ ማለት አይደለም። በ1909 እ.ኤ.አ. በለንደን በታተመው ራይደር ዌይት በሚባለው የታሮት ካርድ ስብስብ ላይ ሥዕሉን ቀረብ ብለሽ እዪው፦ አንድ ሰው በሌሊት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል። ሰይፎቹ ከኋላው ጥቁሩ ላይ ተጋድመዋል እንጂ አንዱም አልተሰካበትም። አሥር ሰይፍ ላይ ግን ሁሉም የወደቀው ሰው ጀርባ ላይ ተተክለዋል። ጀማሪ የሚስተው ይህንን ነው፤ ዘጠኙ እንቅልፍ የሚነሳ ሐሳብ፣ አሥሩ የደረሰ ነገር።

ጎኑ የወጣውንም ካርድ አብረሽ አንብቢ። «ጨረቃ» የተባለችው ካርድ ከሆነች ፍርሃቱ ገና መልክ አልያዘም፤ ሦስት ሰይፍ ከሆነ ግን እውነተኛ ቁስል አለ። መልሱ አልጣመኝም ብለሽ ደግሞ በውዘሽ እንደገና አትሳቢ፣ ጭንቀቱን ነው የምታባዢው።