የጋራዡ ሒሳብ 480 ሺህ፣ የመድን ድርጅቱ 240 ሺህ

ጥያቄ፦ ቪትዝ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት፤ በየዓመቱ ሳላቋርጥ አሳድሳለሁ። በቅርቡ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭታ ፓራውልቷ፣ ኮፈኗና ራዲያተሯ ተጎዳ። ጋራዡ የ480 ሺህ ብር ፕሮፎርማ ሰጠኝ፤ መድን ድርጅቱ ግን «ከ240 ሺህ በላይ አልከፍልም» አለ። ልክሰስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በየዓመቱ እንደሚያሳድሱ ነግረውኛል፤ በስንት ብር እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። እባክዎ ፖሊሲውን (የመድን ውሉን) ያውጡና መድን የተገባበትን ዋጋ ይመልከቱ። እንደምጠረጥረው ከሆነ የዛሬ ሦስት አራት ዓመት የተሞላው ቁጥር እስካሁን አልተነካም።

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የመኪናዋም ዋጋ አብሮ ወጣ። በብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ ደግሞ «አቬሬጅ» የሚሉት አንቀጽ አለ። መኪናዋ በአደጋው ቀን 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የምታወጣ ሆና እርስዎ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ አስገብተዋት ከሆነ፣ ግማሹን አደጋ ራስዎ ተሸክመዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከ480 ሺህ የሚደርስዎ 240 ሺህ ነው፤ ኤክሰሱም፣ ማለትም በውሉ መሠረት ከእያንዳንዱ ጉዳት እርስዎ ራስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ፣ ከዚያ ይቀነሳል። «ጥገናው እኮ ከገባሁበት ዋጋ በጣም ያንሳል!» የማይለኝ ደንበኛ የለም። ቅነሳው ግን መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወድም ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንድ መብራት ቢሰበርም ይሠራል። ዓረቦኑ እንዳይጨምር ብለው አውቀው ዝቅ አድርገው ከሆነ፣ አይቀየሙኝና፣ ትልቅ ስህተት ነው። ቢያንስ ከጠበቃዎ አይደብቁት።

ያም ሆኖ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ያንን ቁጥር የሞላው ማን ነው? የድርጅቱ ባለሙያ ሲታደስ መኪናዋን አይቶ ራሱ ገምቶ ከሆነ ክርክርዎ ይጠነክራል፤ የፕሮፖዛል ፎርሙን (መድኑን ለመግባት የተሞላውን ማመልከቻ) ቅጂ ይጠይቁ። ድርጅቱ መኪናዋ ታወጣለች ብሎ የያዘው ዋጋስ ከየት መጣ? መለኪያው በአደጋው ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ የአዲስ መኪና ዋጋ ወስደው ከሆነ ይቃወሙ። ስሌቱን በጽሑፍ ይስጡዎት።

ስለ ሌላው አሽከርካሪም ምንም አላሉኝም። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ያልተከፈለዎትን ከእሱ መጠየቅ ይችላሉ። ጥፋተኛው ካልተለየ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጉዳቱ ለሁለት ይከፈላል። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ዛሬውኑ ያውጡ። በመድን ድርጅቱም ሆነ በአሽከርካሪው ላይ ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ በደብዳቤ መመላለስ አያዘናጋዎት።

240 ሺህ ብሩን ሲሰጡዎት «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያስፈርሙዎታል። ፖሊሲውን፣ ፕሮፎርማውንና ፕላኑን ይዘው ጠበቃ ሳያማክሩ እንዳይፈርሙ።