ቀይ ባሕር አንድ ገበያ ነው ወይ? ጥያቄና መልስ

በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የእንስሳት ንግድ ላይ የሠሩ አባላችን ጥያቄ ይቀበላሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪ፦ የቀይ ባሕር አገሮች አንድ የኢኮኖሚ ቀጣና ናቸው?

መላሽ፦ አይደሉም። ከእስያ ተነስቶ በስዊዝ ቦይ ወደ አውሮፓ የሚያልፍ መርከብ የዳርቻዎቹ ንግድ አይደለም። ማለፊያን ከገበያ አታምታቱ። የሚለካው አንዱ ዳርቻ ለሌላው በሚሸጠው ነው።

ነጋዴው፦ ጋሼ፣ እርስ በርስ የሚሸጡት ጨርሶ የለም?

መላሽ፦ እንዴት አይኖርም! የቁም እንስሳት አለ። በሶማሌላንድ በበርበራ ወደብ በግና ፍየል ተጭኖ ጅዳ ይራገፋል፤ ለሐጅ ሰሞን ደግሞ ጭነቱ ይበዛል። ከዚያ ውስጥ ብዙው የሚመጣው ከእኛው የሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች ነው። በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሲነሳ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን እንስሳ አገደች። ባሕሩን አይቶ የማያውቅ አርብቶ አደር ፍየሉን የሚገዛው አጣ። እገዳው የተነሳው በ2009፣ በርበራ ላይ የእንስሳት ማቆያና መመርመሪያ ከተሠራ በኋላ ነው። ቀጣና የሚባለው የበርበራው የእንስሳት ሐኪም የፈረመበትን ወረቀት የጅዳው ተቆጣጣሪ ሲያምነው ነው። የቀረው የመሪዎች ፎቶግራፍ ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ በ2020 ሪያድ ላይ ስምንት የዳርቻ አገሮች ያቋቋሙት ምክር ቤትስ?

መላሽ፦ ዋና ጉዳዩ ጸጥታ ነው። የጋራ ገበያ አይደለም።

ታዛቢ፦ ኢትዮጵያ የሌለችበት ምክር ቤት! አሰብን እስከ 1998 ስንጠቀምበት አልነበረም እንዴ?

ነጋዴው፦ አሰብን ተወውና የዛሬውን እንነጋገር። ዕቃችን የሚገባው በጅቡቲ ነው።

ታዛቢ፦ የወደብ ኪራዩ የሚያንገበግበንም ለዚሁ ነው!

መላሽ፦ የወደብ ሙግታችሁን ሌላ ቦታ አድርጉት። ከሙግቱ የሚጠቅመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳርቻ የሌላት ኢትዮጵያ የጅቡቲ ወደብ ትልቋ ደንበኛ ናት። በጥቁር ባሕርም በ1992 የተጀመረው የኢኮኖሚ ትብብር ዳርቻ የሌላቸውን አርሜኒያንና አዘርባጃንን፣ ግሪክንና አልባኒያንም ይዟል። ዳርቻ መኖር ብቻውን አባል አያደርግም፤ አለመኖሩም አያስወጣም።

ጀማሪ፦ ካርታው ላይ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ናቸው እኮ።

መላሽ፦ መልሼዋለሁ። ማለፊያን ከገበያ አታምታቱ።

የታሪክ ተማሪ፦ የባልቲክ ባሕር አገሮችስ?

መላሽ፦ እሱ ወደ ቀጣና ይቀርባል። በ2004 ፖላንድ፣ ሊቱዌኒያ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ አውሮፓ ኅብረት ሲገቡ ከስዊድንና ከፊንላንድ ጋር በአንድ የጉምሩክ ሕግ ሥር ሆኑ። በኢስቶኒያ ትልልቆቹ ባንኮች የስዊድን ናቸው። ያው ባሕር የሚያዋስናት ሩሲያ ግን ከዚያ ሕግ ውጭ ናት። ባሕሩ አንድ ነው፤ የለያቸው ሕጉ ነው።

አዲስ አባል፦ ጥቂት ገንዘብ አለኝ፣ የትኛው ወደብ ላይ ላውለው?

መላሽ፦ ምን ልትነግድበት? ጥያቄህን አሟልተህ ተመለስ። የቁም እንስሳት ከሆነ ግን ወደቡን ከመምረጥህ በፊት የሐኪሙን ወረቀት ማን እንደሚቀበልልህ አጣራ።