«ነርቩ ተገድሎ እንዴት ያመኛል?» እና ሌሎች የመንጋጋ ጥርስ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መንጋጋ ጥርስ ሩት ካናል ናቸው። ሩት ካናል በተለምዶ «ነርቭ መግደል» የምንለው ነው፤ የጥርሱ ነርቭ ይወጣና በሥሩ ውስጥ ያለፈበት ቀጭን ቦይ ጸድቶ ይሞላል። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ነርቩ ከተገደለ ዓመት ሆነው። ሦስት ቦይ አለው ተብሎ ተሞላልኝ። አሁን ስነክስበት ያመኛል። የሞተ ነርቭ ያማል እንዴ?

መልስ፦ የሞተው ነርቭ አያምም። ሲነክሱበት የሚያምዎት በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ተቆጥቶ ነው። ጥርሱ ተሰንጥቆ ወይም ሙሌቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠረጥረው ሳይገኝ የቀረ ቦይ ነው።

የላይኛው አንደኛ መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው፤ ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። ሦስት ሥር ሲባል ሦስት ቦይ ይመስላል። በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ሥር ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከግማሽ በሚበልጡ ሰዎች ውስጡ ሁለት ቦይ ይዟል። ሁለተኛው በጣም ቀጭን ነው፤ አፉም ላይ የጥርሱ አካል እንደ ክዳን ተደፍቶበት ይደበቃል። እኔ ስፈልገው በማጉያ እያየሁ ያንን ክዳን በጥቂት በጥቂቱ እፍቀዋለሁ። ከዚያ ጫፏ 0.08 ሚሊ ሜትር በሆነች ፋይል፣ ማለትም ቦይ በምንጠርግባት መርፌ መሳይ መሣሪያ፣ ወለሉን እዳስሳለሁ። ፋይሏ ድንገት ያዝ ስታደርግ ቦዩ ተገኘ ማለት ነው። አንዳንዴ ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቢፈጅም ይገባዋል፤ ካልጸዳ ባክቴሪያው እዚያው ይራባል።

አደራ፣ «ንቀሉልኝ» ከማለትዎ በፊት ከተለያየ አቅጣጫ ራጅ ይነሡ። ሲቢሲቲ የሚባለው ባለሦስት ገጽታ ራጅ ካለ ደግሞ የበለጠ ያሳያል። ሩት ካናል እንደገና ሊሠራ ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የታችኛው መንጋጋ ሦስት ቦይ ተባለ። የእኔው ያው ጥርስ አራት ተብሎ ሂሳቡም ከፍ አለብኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የታችኛው አንደኛ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው። የፊተኛው ሁለት ቦይ ይይዛል፤ የኋለኛው አንድ ወይም ሁለት። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ አራት አለው። አልፎ አልፎ በምላስ በኩል ሦስተኛ ሥር የሚበቅልበትም አለ። ይህ በምሥራቅ እስያ የተለመደ ነው፤ በአፍሪካና በአውሮፓ ግን ጥቂት ነው። ስለ ሂሳቡ ከተጠራጠሩ ፋይሎቹ ገብተው የተነሣውን ራጅ አሳዩኝ ይበሉ። መብትዎ ነው። አዘንብሎ የተነሣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን ራስዎ ይቆጥሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፈው። ሐኪሜ የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋዬ ቦይ «ሲ ቅርጽ» ነው አለችኝ። በሽታ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው። ሥሮቹ ተጣብቀው ሲበቅሉ ቦዮቹም ይያያዙና ማጭድ የመሰለ ስንጥቅ ይሠራሉ። በቻይናና በኮሪያ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሌላውም ሰው ላይ ይገኛል። ፋይል ጥጋጥጉን ሁሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ዋናው ሥራ እጥበቱ ነው። የሚታጠብበት ፈሳሽ የበረኪና ዓይነት ነው፤ ሲሸትዎት አይደንግጡ። ሐኪምዎ ረጅም ቀጠሮ ከያዘችልዎት ደስ ይበልዎት።

ጥያቄ፦ ለጥበብ ጥርስ ሩት ካናል ይሠራለታል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ሥሩም ቦዩም እንደ ሰዉ ይለያያል፣ እጅም እንደልብ አይገባም። ብዙ ጊዜ መንቀል ይሻላል። ከፊቱ ያሉት መንጋጋዎች ተነቅለው ካለቁና የሚያኝኩት በእሱ ከሆነ ግን እንዲተርፍ እታገልለታለሁ።