ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ደረሰኛችንን ለምን አላየም? የግብር ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ስለ ግብር ክርክር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድርጅታችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። 300 ሺህ ብር የገቢ ግብር ተጨመረብን። የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ፈረደብን። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ደረሰኞቻችንን ሳያይ ውሳኔውን አጸናው። ይኼ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል። ግን በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ይግባኝ የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሲሚንቶ ገዛሁ ብትል፣ «ሲሚንቶው በእርግጥ ተገዝቷል?» የሚለው የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው፤ እሱ ኮሚሽኑ ጋ ያልቃል። «ሕጉ ይህን ወጪ ከገቢ ላይ ይቀንሳል?» የሚለው ግን ፍርድ ቤቱን ይመለከታል። የማስረዳት ሸክሙም ያለው ግብር ከፋዩ ላይ ነው። ስለዚህ ደረሰኝህ መውጣት የነበረበት ቅሬታ ስታስገባና ኮሚሽኑ ፊት ስትቆም ነው።

አንድ ደንበኛዬ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በፌስታል ሞልቶ አመጣልኝ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ከርሟል። ዘርግተን ብናየው ቀኑም ዋጋውም ጠፍቷል፣ ነጭ ወረቀት ብቻ። ያን ቀን አንጀቴ ነው የተቃጠለው። እባካችሁ፣ ደረሰኝ የተቀበላችሁ ዕለት ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ቀኑና ገንዘቡ እንዴት ነው?

መልስ፦ የግብር ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ታስገባለህ። ሚያዝያ 1 ከደረሰህ እስከ ሚያዝያ 22 ማለት ነው። ታመህ ከነበረ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ የቅሬታው ውሳኔ በደረሰህ በ30 ቀን ወደ ኮሚሽኑ፣ ካልተስማማህ በሌላ 30 ቀን ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ። ለኮሚሽኑ ከአከራካሪው ግብር 50 በመቶ፣ ለፍርድ ቤቱ 75 በመቶ መከፈል አለበት። በ300 ሺህ ብር 150 ሺህ፣ ከዚያ በጠቅላላው 225 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ለአነስተኛ ነጋዴ ይኼ ከባድ ነው። በበኩሌ ሕጉ እዚህ ላይ ቢላላ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ደሴ ሙጋድ በግሌ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ይኼ እኔንም ይነካኛል?

መልስ፦ እርስዎን በቀጥታ አይነካዎትም። በሕገ መንግሥቱ የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። የእርስዎ ክርክር በአማራ ክልል የግብር ሕግ ይታያል። የጊዜ ገደቡን ከውሳኔው ደብዳቤ ላይ አስነብበው ያረጋግጡ፣ እናቴ።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተረታን በቃን?

መልስ፦ አልበቃችሁም። በ30 ቀን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፍርዱን ከጠበቃ ጋር አንብቡና ፍርድ ቤቱ የሳተውን የሕግ አንቀጽ በጣታችሁ አሳዩኝ። ያን ካጣችሁት ለጉዞና ለጠበቃ የምታወጡትን ብር ለቀሪው ዕዳ አውሉት።